ሁለቱን መስመሮች ሳናያቸው አንግላቸውን ማወቅ

የአንባቢያን የሂሳብ ጥያቄዎች

እንዴት ሰነበታችሁ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ደብረ ማርቆስ ላይ ሰሞኑን ዝናቡ ከሰዓት ጠብቆ ነው የሚመጣው። ሲመጣ መብራቱን ይዞት ይሄዳል። እኔም ደብዳቤዎቻችሁን የማነበው በዚያ ሰዓት ነው። በዚህ ወር ከመጡት የበዙት ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው፤ ሁለት መስመሮች በአንድ ጥምር ኢኩዌሽን ሲሰጡ በመካከላቸው ያለውን አንግል ስለማግኘት። ለየብቻ ከማንጠባጥባቸው አንድ ላይ ልመልሳቸው ብያለሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። ኤክስን «ሸ»፣ ዋይን «ቀ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ከፊታቸው የሚቆሙትን ቁጥሮች ደግሞ ሀ፣ ረ እና መ እላቸዋለሁ። ደብዳቤዎቻችሁንም በዚሁ አስተካክያቸዋለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ከአጎቴ ልጅ የተዋስኩት የህንድ ማጣቀሻ መጽሐፍ አለኝ። እዚያ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሁለት መስመሮች ሀሸ² + 2ረሸቀ + መቀ² = 0 ተብለው ከተሰጡ፣ የአንግሉ ታንጀንት 2√(ረ² − ሀ×መ) ÷ |ሀ + መ| ነው። ሸምድጄዋለሁ። ከዚያ 3ሸ² + 7ሸቀ + 2ቀ² = 0 የሚለውን ስሠራ 69 ዲግሪ ገደማ መጣልኝ። ምርጫዎቹ ግን 30፣ 45፣ 60 እና 90 ናቸው። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው ወይስ እኔ? ቀመሩስ ከየት ነው የመጣው? የሠራሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ።»

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ ቀመሩም ልክ ነው። ፎቶህን በስልኬ አሳድጌ አየሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ «ረ = 7» ብለህ ጽፈህ፣ 7ቱን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አክብበሃታል። ጉዱ ያለው እዚያው ክብ ውስጥ ነው። መጽሐፉ የሸቀ ቁጥር «ረ» ነው አላለህም፣ «2ረ» ነው ያለህ። 2ረ = 7 ከሆነ ረ = 3.5 ነው።

በዚህ እንሥራው። 3.5 በራሱ ሲባዛ 12.25። ሀ×መ ደግሞ 3×2 = 6። ሲቀናነሱ 6.25፤ ዳግም ዘሩ 2.5፤ በ2 ሲባዛ 5። ታች 3 + 2 = 5። 5 ለ5 ሲካፈል 1። ታንጀንቱ 1 የሆነ አንግል 45 ዲግሪ ነው። ምርጫው ላይም አለልህ።

እዚህ ላይ ልተውህ እችል ነበር። ግን የተሸመደደ ቀመር ጠላቱ ፈተና ነው፤ ሰዓቱ ሲጣበብ ግማሽ ማድረጉን ትረሳውና 69 ዲግሪህ ይመለሳል። ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ፣ አንድ ኢኩዌሽን እንዴት ሁለት መስመር ይሆናል? 3ሸ + ቀ = 0 አንድ መስመር ነው። ሸ + 2ቀ = 0 ሌላ መስመር ነው። ሁለቱን አባዛቸው፦ (3ሸ + ቀ)(ሸ + 2ቀ) = 0። ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ የሚመጣው አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነጥብ ከሁለቱ መስመሮች በአንዱ ላይ ካለ ይህን ኢኩዌሽን ያሟላል፤ በሁለቱም ላይ ከሌለ አያሟላም። ቅንፉን ስትፈታው 3ሸ²፣ ከዚያ 6ሸቀ እና 1ሸቀ ተደምረው 7ሸቀ፣ ከዚያ 2ቀ² ይመጣል። ያንተው ጥያቄ ነው።

እዚህ ከደረስህ ቀመሩ ራሱ አያስፈልግህም። መስመሮቹ ቀ = −3ሸ እና ቀ = −½ሸ ናቸው። ስሎፓቸው፣ ማለትም ከሸ ፊት ያለው ቁጥር፣ −3 እና −½። ትምህርት ቤት የተማርነው «የስሎፖቹ ልዩነት ሲካፈል ለ1 ሲደመር ብዜታቸው» የሚለው አለ አይደል? ልዩነታቸው −2.5፣ ታች ደግሞ 1 + 1.5 = 2.5። ማይነሱን ትተህ 1 ነው። 45 ዲግሪ።

ታዲያ ረጅሙን ቀመር ማን ፈለገው? የሚፈለገው ኢኩዌሽኑ በወግ አልበተን ሲል ነው። ሸ² − 4ሸቀ + ቀ² = 0 የሚለውን ፋክተር ለማድረግ ሞክር። ቡና እየተፈላ ከሆነ አቦሉ ላይ ጀምረህ በረካው ይደርስብሃል። ሙሉ ቁጥሮች የሉትም። ስሎፖቹ 2 + √3 እና 2 − √3 ናቸው። አንግላቸው ግን ንጹህ ቁጥር ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። መስመሮቹ አስቀያሚ ሆነው አንግላቸው ንጹህ ከሆነ፣ በመስመሮቹ በኩል ሳንዞር አንግሉ ጋ የምንደርስበት መንገድ አለ ማለት ነው።

መንገዱ ይኸውልህ። ሀሸ² + 2ረሸቀ + መቀ² = 0 የሚለውን ሁሉንም ለሸ² አካፍል። ቀ÷ሸ የሚባል ነገር ይመጣል። መስመሮቹ ሁለቱም በኦሪጅን (ሁለቱ ዘንጎች በሚገናኙበት ነጥብ) ስለሚያልፉ ቀ÷ሸ ማለት ስሎፑ ራሱ ነው። እሱን «ተ» እንበለው። የሚቀረው

መተ² + 2ረተ + ሀ = 0

ነው። እስቲ ልብ በል፤ መ ወደ ፊት መጥቷል፣ ሀ ወደ ኋላ ሄዷል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይገለብጠዋል። እንግዲህ ጥምር ኢኩዌሽን የምንለው ተራ ኳድራቲክ ነው፤ ሁለቱ መልሶቹ ሁለቱ ስሎፖች ናቸው።

የኳድራቲክን መልሶች ሳንፈታ ድምራቸውንና ብዜታቸውን ማወቅ እንችላለን። ይህን ያስተማረን ፍራንሷ ቪዬት ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1603 የኖረ ፈረንሳዊ። እንጀራው ጥብቅና ነበር፣ ሂሳብ የትርፍ ጊዜው። (የሕግ ተማሪዎች ሂሳብ አይመለከተንም ስትሉኝ ሁልጊዜ የማነሳው እሱን ነው።) በእሱ መንገድ የስሎፖቹ ድምር −2ረ÷መ ነው። ብዜታቸው ሀ÷መ ነው።

እኛ የምንፈልገው ግን ልዩነታቸውን ነው። ልዩነት ከድምርና ከብዜት ይወጣል። በቁጥር እንየው፤ 5 እና 3ን ውሰድ። ድምራቸው 8፣ ዳግም ርቢው 64። ብዜታቸው 15፣ አራት እጥፉ 60። 64 ሲቀነስ 60፣ 4 ነው። የ4 ዳግም ዘር 2፤ የ5 እና የ3 ልዩነት። በማንኛውም ሁለት ቁጥር ይሠራል።

አሁን በእኛዎቹ። የድምሩ ዳግም ርቢ 4ረ²÷መ² ነው። አራት እጥፍ ብዜቱ 4ሀ÷መ ነው። ሲቀናነሱ 4(ረ² − ሀ×መ)÷መ² ይሆናሉ። ዳግም ዘር ስናወጣ የስሎፖቹ ልዩነት 2√(ረ² − ሀ×መ)÷|መ| ነው። ታች የሚገባው 1 + ብዜቱ ደግሞ (ሀ + መ)÷መ ነው። አንዱን ለሌላው ስታካፍለው መ ይሰረዛል። የቀረህ የመጽሐፍህ ቀመር ነው።

ያቺ 2 ከየት እንደመጣች አየህ? ከዳግም ዘሩ ውስጥ 4 ስትወጣ 2 ሆና ነው የወጣችው። 4ቱ ደግሞ በሙሉ እንድትወጣ ብለው ነው መጽሐፍ ጸሐፊዎቹ የመሀሉን ቁጥር ገና ከመጀመሪያው «2ረ» ያሉት። ለጽሑፍ ያምራል፣ ለተማሪ ወጥመድ ነው። እኔ ሳስተምር የምሰጠው ይህን አልነበረም። የመሀሉን ቁጥር እንዳለ ውሰደው፣ አትክፈለው፦

ታንጀንት = √(የመሀሉ ዳግም ርቢ − 4×ሀ×መ) ÷ |ሀ + መ|

ባንተ ጥያቄ 49 ሲቀነስ 24፣ 25። ዳግም ዘሩ 5። 5÷5 = 1። ግማሽ ማድረግ የለ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር የለ። ከዳግም ዘሩ ሥር ያለችውም ኳድራቲክ ስትፈታ የምታውቃት ዲስክሪሚናንት ናት፤ አዲስ ነገር አልሸመደድክም።

ያ አልበተን ያለውስ? ሸ² − 4ሸቀ + ቀ² = 0፦ 16 ሲቀነስ 4፣ 12። ታች 1 + 1 = 2። √12÷2 ማለት √3 ነው። 60 ዲግሪ። ካላመንክ ስሎፖቹን ካልኩሌተር ላይ ምታቸው። አንዱ መስመር ከሸ ዘንግ ጋር 75 ዲግሪ፣ ሌላው 15 ዲግሪ ይሠራል። በመካከላቸው 60 ነው። አንግሉን ስናገኝ ግን 75ንም 15ንም አላወቅናቸውም ነበር። እኔ ይህን ቀመር የምወደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ከሞጣ ነው የምጽፍልዎ፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። 2ሸ² + 3ሸቀ − 2ቀ² = 0 ላይ ካልኩሌተሬ ኤረር ይለኛል። ጓደኛዬ እነዚህ መስመሮች አንግል የላቸውም አለችኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ካልኩሌተርሽ ልክ ነው፣ ጓደኛሽ አይደለችም። ሁለት መስመር ተቋርጦ አንግል የማይኖረው እንዴት ሆኖ? የሌለው ታንጀንቱ ነው። ታች 2 + (−2) ዜሮ መጣ፤ ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ታንጀንት የሚጠፋው ደግሞ 90 ዲግሪ ላይ ነው። መልስሽ 90 ነው፤ መስመሮቹ ቀጤ ሆነው ነው የሚቋረጡት። (2ሸ − ቀ)(ሸ + 2ቀ) ብለሽ በትኚው፤ ስሎፖቹ 2 እና −½ ናቸው፣ ብዜታቸው −1።

ከዚህ አንድ አቋራጭ ያዢ። የሸ² እና የቀ² ቁጥሮች ተደምረው ዜሮ ከሆኑ አንግሉ 90 ነው፤ የመሀሉ ቁጥር ምንም ይሁን ምን። 2ሸ² + 1000ሸቀ − 2ቀ² = 0 ቢሉሽ እስክሪብቶ ሳታነሺ 90 በያቸው።

እግረ መንገዴን፣ ሌሎች ሰዎች የጠየቁትንም እዚሁ ልጨምር። ዳግም ዘሩ ውስጥ ዜሮ ከመጣ፣ እንደ 4ሸ² + 12ሸቀ + 9ቀ² = 0 ያለው፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ የተደረቡ ናቸው። (2ሸ + 3ቀ) በራሱ ተባዝቶ ነው። አንግሉ ዜሮ ነው።

ዳግም ዘሩ ውስጥ ኔጌቲቭ ከመጣ ደግሞ መስመር የሚባል ነገር የለም። ሸ² + ሸቀ + ቀ² = 0 ላይ 1 ሲቀነስ 4፣ −3 ነው። ይህን የሚያሟላው ነጥብ ኦሪጅን ብቻ ነው። ማይነሱን ዋጥ አድርገው √3÷2 ብለው 41 ዲግሪ የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። የሌሉ መስመሮች 41 ዲግሪ! በእኔ ቤት እንዲህ ያለው ዜሮ ነው የሚያገኘው።

የቀ² ቁጥር ዜሮ ሲሆንስ ያለችኝ ልጅም አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ቀመሩን ያወጣነው ለመ እያካፈልን ነው። ለምሳሌ ሸ² − ሸቀ = 0፣ ማለትም ሸ(ሸ − ቀ) = 0። አንዱ መስመር ቀጥ ብሎ የቆመው የቀ ዘንግ ነው፤ ስሎፕ የለውም። ሌላው ቀ = ሸ ነው። በዓይን ስታዪው 45 ዲግሪ እንደሆነ ያስታውቃል። ቀመሩስ? 1 ሲቀነስ 0፣ 1፤ ታች 1 + 0 = 1፤ ታንጀንቱ 1። ሠራ። ለሸ² በማካፈል ፈንታ ለቀ² ብናካፍል ኖሮ የሀ እና የመ ቦታ ይለዋወጥ ነበር። ቀመሩ ግን ሁለቱን በእኩል ነው የሚያያቸው፤ ቢለዋወጡም ያው ነው። ሁለቱም ዜሮ ቢሆኑ የሚቀረው ሸቀ = 0 ብቻ ነው። እሱ ራሱ ሁለቱ ዘንጎች ነው፣ 90 ዲግሪ።

ጥያቄ፦ «ከቢቸና፣ የሥራ ባልደረባዎ ነኝ። ተማሪዬ ለአንድ ጥምር ኢኩዌሽን 135 ዲግሪ ብሎ መለሰ። መጽሐፉ 45 ይላል። ቀመሩን ያለ ፍጹማዊ ዋጋ ምልክት (| |) የሚጽፉት ሰዎች ፕላስ ማይነስ ያደርጉበታል። ልጁን ልክ ልበለው ወይስ ስህተት?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ የሚያስረሳ ክርክር ያስነሳል።

ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ አራት አንግል ይሠራሉ፤ መጠናቸው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 45 ከሆነ ጎረቤቱ 135 ነው። መስመሮቹ ለየብቻ ተሰጥተው፣ የመጀመሪያው ይህ ሁለተኛው ያ ተብሎ ቢሆን፣ «ከመጀመሪያው ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ሲዞር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያኔ መልሱ አንድ ነው፤ የታንጀንቱ ምልክትም ትርጉም አለው።

በጥምር ኢኩዌሽን ግን አንደኛና ሁለተኛ የለም። (3ሸ + ቀ)(ሸ + 2ቀ) ቢሉ፣ (ሸ + 2ቀ)(3ሸ + ቀ) ቢሉ፣ ቅንፉ ሲፈታ አንድ ነው። የትኛው ቀድሞ እንደነበር ኢኩዌሽኑ አያስታውስም። ስለዚህ ፕላስ ማይነሱን የምናስገባው እኛ ነን።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ብለው ያሳዩዋቸው። 3ሸ² + 7ሸቀ + 2ቀ² = 0 የሚለውን ሙሉውን በ−1 ያባዙት። −3ሸ² − 7ሸቀ − 2ቀ² = 0 ይሆናል። መስመሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ፍጹማዊ ዋጋውን ትተው ቀመሩን ቢጠቀሙ ግን ቅድም 1 የነበረው አሁን −1 ይመጣል፤ 45 የነበረው 135። መስመሮቹ ሳይነኩ አንግሉ ከተቀየረ፣ ምልክቱ ስለ መስመሮቹ የነገረን ነገር የለም ማለት ነው። ፍጹማዊ ዋጋ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ስለ ማርኩ፦ በልማድ «በሁለት መስመሮች መካከል ያለው አንግል» ሲባል ሹሉ ነው። ጥያቄው ላይ «ሹል» የሚል ቃል ከነበረ ልጁ ስቷል። ካልነበረ እኔ ብሆን አልቆርጥበትም። «45ም ነው» ብዬ በጎኑ እጽፍለታለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ መምህርት፣ አንቱ እንዴት ከረሙ? ከማቻከል ነው። እጁ የልጄ ነው፣ ቃሉ የኔ። ልጁ ሌሊት ሻማ እያበራ ይሄን መስመር ይሠራል። እኔ ገበሬ ነኝ። መስመር መስመርን ሲያቋርጥ የማየው ሳርስና ፈሰስ ሳወጣ ነው። ይሄ ነገር ለእርሻ ይሆናል ወይስ ለፈተና ብቻ ነው?»

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ከርሜያለሁ። አባቴም ገበሬ ስለነበር ነገሩ ይገባኛል።

የኛ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ አይገለብጥም። ትልሙ ላይ ሰፋ፣ ታች ጠበብ ያለ ነው። በአንዱ ትልምና በሌላው መሀል ያልተነካ አፈር ይቀራል። ስለዚህ የሚቀጥለው እርሻ የፊተኛውን ማቋረጥ አለበት፤ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በአግድሙ። ሜዳ ላይ ቀጤ ተጠግቶ ይቋረጣል። ተዳፋት ላይ ግን ቀጤ ልሁን ካለ ከሁለቱ አንዱ ቁልቁል መውረዱ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲያገኘው ትልሙ ቦይ ይሆንና አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ፈሰሱም፣ ውሃ ማስወገጃው ቦይ፣ እንደዚያው ነው። አግድም ከተኛ ደለል ይሞላውና ውሃው ጥሶት ይወጣል። ቁልቁል ከበዛ ቦርቡሮ ገደል ያደርገዋል። በሁለቱ መሀል ያለውን ዘመም ያለ መንገድ እርስዎ በዓይንዎ ለክተው በሬዎቹን ያዞራሉ። ያ አንግል ነው፤ ስሙን ባንጠራውም።

ለዚያ ግን ጥምር ኢኩዌሽን አያስፈልግዎትም፣ አልዋሽዎትም። አንድ ሰው ማሳዎ ላይ መጥቶ ልለካ ቢል እንኳ ትልሙን ለብቻ፣ ፈሰሱን ለብቻ ነው የሚለካው። ሁለት ስሎፕ በእጁ ካለ አባዝቶ መልሶ መበተን ሥራ መፍታት ነው። ጥምሩ የሚጠቅመው መስመሮቹ ተጣምረው ሲመጡና ለመለየት ሲያስቸግሩ ነው። የት እንደሚመጡ ቀጥሎ ላለው ተማሪ እነግረዋለሁ፤ ልጅዎ ያንብብልዎ። ሻማውን ግን አይንፈጉት፤ ከተቻለም ቀን በብርሃን ይሥራ፣ ሻማ ዓይኑን ያደክመዋል።

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። 2ሸ² + 7ሸቀ + 3ቀ² − ሸ − 8ቀ − 3 = 0 የሁለት መስመሮች ኢኩዌሽን ነው ተብሎ አንግሉ ተጠየቀ። ጓደኞቼ የመጨረሻዎቹን ሦስት ነገሮች ዝም ብለህ ጣላቸው ይላሉ። እንዴት ይጣላል?»

መልስ፦ ጓደኞችህ መልሱን ያገኛሉ፣ ምክንያቱን ግን አልነገሩህም። በኦሪጅን የማያልፉ ሁለት መስመሮችን እንዳሉ ገፍተህ መገናኛቸውን ኦሪጅን ላይ ብታስቀምጠው አቅጣጫቸው አይለወጥም። አንግላቸውም አይለወጥም። አቅጣጫውን የያዙት የፊተኞቹ ሦስት ናቸው፤ የኋለኞቹ የት እንደሚገናኙ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ 49 ሲቀነስ 24፣ 25፤ ዳግም ዘሩ 5፤ ታች 2 + 3 = 5። 45 ዲግሪ።

ግን «የሁለት መስመሮች ነው» የሚለውን ጥያቄው ባይነግርህስ? ማጣራት አለብህ። እኔ ዲተርሚናንት ከማስታወስ ይህን እመርጣለሁ። የፊተኞቹን ሦስት በትን፦ (2ሸ + ቀ)(ሸ + 3ቀ)። በየቅንፉ ውስጥ ያልታወቀ ቁጥር ጨምር፦ (2ሸ + ቀ + ወ)(ሸ + 3ቀ + ዘ)። ሲፈታ የሸ ቁጥር ወ + 2ዘ ይሆናል፣ እሱ −1 መሆን አለበት። የቀ ቁጥር 3ወ + ዘ ይሆናል፣ እሱ −8 መሆን አለበት። ከሁለቱ ወ = −3 እና ዘ = 1 ይወጣል። ቀሪው ፈተና አንድ ነው፤ ወ×ዘ የመጨረሻውን ቁጥር ይሰጣል ወይ? −3 ነው፣ ሰጠ። ስለዚህ በእርግጥ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ 2ሸ + ቀ = 3 እና ሸ + 3ቀ = −1።

መጨረሻው ላይ በ−3 ፈንታ −4 ቢሆን ኖሮ አይሰጥም ነበር። ያኔ ኢኩዌሽኑ ሃይፐርቦላ፣ ማለትም ሁለት ክንፍ ያለው ኩርባ፣ ነው። የሚያስቀው፣ ቀመሩ ያኔም 45 ይላል። የሚለካው ግን ሃይፐርቦላው እየተጠጋቸው የማይነካቸውን ሁለት መስመሮች፣ አሲምፕቶቶቹን ነው።

ለማቻከሉ ወንድሜ ቃል የገባሁትም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። መስመሮች ተጣምረው የሚመጡበት አንዱ ቦታ ራሱን የሚያቋርጥ ኩርባ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሂሳብ ሰው ዴካርት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1638 ያነሣው አንድ ኩርባ አለ፦ ሸ³ + ቀ³ = 3ሸቀ። ዞሮ መጥቶ ኦሪጅን ላይ ራሱን ያቋርጣል፣ ቅጠል የመሰለ ቀለበት ሠርቶ። በስንት ዲግሪ? ኦሪጅን አጠገብ ሸ እና ቀ በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ሦስቴ የተባዛው ሁለቴ ከተባዛው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። የሚቀረው ሸቀ = 0 ነው። ሁለቱ ዘንጎች፣ 90 ዲግሪ። እንዲሁ ሸ² − 4ሸቀ + ቀ² = ሸ³ የሚባል ኩርባ ቢሰጡህ፣ ሸ³ን ትተህ የቀረውን ከላይ ሠርተነዋል። ኦሪጅን ላይ ራሱን የሚያቋርጠው በ60 ዲግሪ ነው።